እጇ ላይ ያረፈው ጽሑፍ

ወሬው እንዲህ ይላል። ከካፌው ማዶ፣ ደረጃ ሥር ባለችው የላፕቶፕ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ፣ እትዬ አልኮል የምትባለው ሴት አንድ የሞተ ላፕቶፕ በእንባዋ አስነሳች። ኪቦርዱ ላይ ተደፍታ አነባች አሉ፤ እንባዋ ጠብ ሲል ማሽኑ እፎይ ብሎ ተነፈሰ፣ መብራቱን ብልጭ አደረገ፣ ከዚያም «ነቅቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ወሬውን ያመጣው ከሱቋ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። «በዓይኔ በብረቱ!» ብሎ ይምላል። ጠዋት አንድ ላፕቶፕ የነበረው ወሬ ለምሳ ሁለት ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ፕሪንተር ተጨመረበት፤ የካፌው አስተናጋጅ ለመጨረሻዎቹ ደንበኞች ስታወራው ደግሞ የካፌው የራሱ ግድግዳ ላይ ለሰባት ዓመት ቆሞ የኖረው ሰዓት እንኳ በዚያችው ደቂቃ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሮ ነበር።

እንግዲህ ለማመን ያስቸግራል። ሰዓቱ አሁንም አሥር ከሩብ ላይ እንደተገተረ ነው። ፀጉር አስተካካዩም ቢሆን፣ ከአንድ ደንበኛ ፀጉር ውስጥ የጠፋ የበር ቁልፍ አገኘሁ ብሎ ሰፈሩን ሁለት ሳምንት ያስወራ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ ግን እትዬ አልኮልን የሚያውቅ ሰው፣ እሷ ኪቦርድ ላይ ውሃ ነገር ጠብ ታደርጋለች ቢሉት ይስቃል። ሻይ የያዘ ሰው ወደ ሱቋ ሲጠጋ እንደ ድንበር ጠባቂ ክንዷን ዘርግታ «ቁም! ጨርሰህ ግባ!» ትላለች። ሮጦ የመጣና ያላበው ሰው እንኳ እስኪደርቅ ደጅ ይቆያል።

ቅጽል ስሟ የወጣው ከጠርሙሷ ነው። የማያውቃት ጠጪ ትመስለዋለች፤ እሷ ግን አንድ ጉንጭ ቀምሳ አታውቅም፣ በቀን ግማሽ ሊትሩን በጨርቅ እያደረገች ለማሽኖች ነው የምታጠጣው። ሱቋ ጣሪያው ደረጃው ራሱ ስለሆነ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር እየዘቀጠ ይሄዳል። ወንበሯ ጋ ሲደረስ ቀጥ ብሎ መቆም የሚችለው የሻይ ብርጭቆ ብቻ ነው፣ እሱም እንዳይገባ ተከልክሏል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ተቀምጣ ከራሷ በላይ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሰው በኮቴው ለይታለች፤ ማን እንደቸኮለ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የሦስተኛው ፎቅ ጠበቃ ጫማው መቼ እንደተቀየረ ሳይቀር ትነግራችኋለች።

የአሠራሯ ነገር ታዲያ ሌላ ነው። ማሽኑ በምንም ሕመም ይምጣ፣ ታጥቦ ነው የሚሄደው። ይፈታል፣ አቧራው ይነፋል፣ እያንዳንዱ ፊደል በጥርስ ብሩሽ ይቦረሻል፣ በመጨረሻ ከላይ እስከ ሆዱ በአልኮል ይታሻል። «ከእኔ ቤት ሙሽራ ሆኖ ነው የሚወጣ» ትላለች። አንድ ደንበኛ ማሽኑን ሊወስድ መጥቶ «ይሄ የኔ አይደለም፣ የኔ ጥቁር ነው» ብሎ ድርቅ አለ ይባላል፤ ለካስ ሲገዛው ጀምሮ ነጭ ነበር። ሁለተኛው ጠባይዋ ደግሞ ይህ ነው፦ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን «ተሳሳትኩ» ብላ አታውቅም። ገጣጥማ ስትጨርስ ብሎን ቢተርፋት እንኳ «ፋብሪካው ሲፈጥረው አብዝቶበት ነው» ብላ ቆርቆሮ ውስጥ ትወረውረዋለች። ቆርቆሮው ሞልቷል።

ሽማግሌው የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ላፕቶፑን በትራስ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው። እትዬ አልኮል ፊታቸውን አላወቀችውም፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ራሷን ከጣሪያው ጋር አጋጨች። የከተማው ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ መነሻና መድረሻ ሲጠሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ልሳናቸው አልወጣም፤ ውሃ ሲጠይቁ እንኳ ሰው ሻንጣውን ይፈልጋል።

«ልጄ» አሉ፣ «ይህ ላፕቶፕ የባለቤቴ ነው። እሷ ካረፈች ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እሱ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሊከተላት ተነሳ።»

«ምን ሆነ አባባ?»

«ጢስ ጢስ ሸተተኝ። ከዚያ ዝም።»

«ምን ይሠሩበት ነበር? ሰነድ አለው? የባንክ ነገር?»

ሽማግሌው ትንሽ አፈሩ። «ሥራስ የለኝ። ስከፍተው እሷ ትመጣ ነበር። ፎቶዋ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ፣ ግራ እጇን የወንበሩ ክንድ ላይ ጣል አድርጋ። ጠዋት ሻዬን ይዤ እከፍተዋለሁ፣ ደህና አደርሽ እላታለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ሌላውን አላውቅበትም፣ ማወቅም አልፈልግም። እሷን ብቻ እንደነበረች መልሺልኝ።»

እትዬ አልኮል ስለ ሻዩ ምንም አላለችም። ይህ በራሱ ታሪክ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ሠራች። የማሽኑ ማዘርቦርድ፣ ሁሉን የሚያገናኘው ዋና ሰሌዳ፣ ተቃጥሏል፤ ስክሪኑ ተረግጦ ከተጣለ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ላይ ሌላ ነቅላ ተከለችለት። ዲስኩ ላይ ያለው ሲስተም ተበላሽቷል፤ ፎቶዎቹን ግን አንድ በአንድ ለቅማ አተረፈቻቸው፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ከዚያ ዲስኩን ፎርማት አድርጋ፣ ያለበትን ሁሉ አጥፍታ፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫነች። ከዚያማ የምታውቁት ነው፦ ጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ጠርሙስ። ሆዱን ገልብጣ እንደ ሳህን እስኪያበራ አሸችው።

አብርታ ስትጨርስ ማሽኑ አንድ ነገር ጠየቃት። ሲስተሙ አክቲቬት የሚደረግበትን፣ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ መሆኑ የሚረጋገጥበትን ቁልፍ፣ ሃያ አምስቱን ፊደልና ቁጥር። አዳዲሶቹ ማሽኖች ኢንተርኔት ሲያገኙ ራሳቸውን ስለሚያስታውሱ ይህን ጥያቄ ካየችው ቆይታለች፤ ድሮ ደብተር ላይ ትመዘግብ የነበረውን ቁልፍ መመዝገብ ከተወችም ዓመታት አልፈዋል። የዚህ አዛውንት ማሽን ቁልፍ ግን እንደ ዘመኑ ሆዱ ላይ በተለጠፈች ወረቀት ነው የታተመው። ገለበጠችው። ወረቀቷ አለች፤ እንደ ጥርስ ነጭ ሆና፣ አንድ ፊደል እንኳ ሳይተርፍባት።

ጨርቁን አየችው። ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል።

«ፋብሪካው...» ብላ ጀመረች። ሱቋ ውስጥ የሚሰማት ሰው ስላልነበረ አልጨረሰችውም።

ቁልፍ የሌለው ሲስተም አይሞትም፣ ይነጫነጫል እንጂ። የበረንዳውንም ፎቶ ሲከፈት እንዲመጣ በሴቲንጉ በኩል አላስቀምጥም አለ። እሷ ግን በጓሮ በር የምታስገባበትን ታውቃለች፤ አስገባችው። ሴትዮዋ ስክሪኑን ሞልታ ብቅ አለች፣ በረንዳው ላይ፣ በፀሐይ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ፎቶ አንሺውን ልትቆጣው ነው ልትስቅበት ሳትወስን። ከታች በቀኝ ጥግ ግን ግራጫ ጽሑፍ መጥቶ ተገተረ፦ «ሲስተምዎን አክቲቬት ያድርጉ።» ያረፈውም እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ልክ እጇ ላይ ነው፤ ወንበሩ ክንድ ላይ ጣል ያደረገችው ግራ እጇ ላይ።

ይህ ሲስተም ከገበያ ከወጣ ስለቆየ አዲስ ቁልፍ ተፈልጎ አይገኝም። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ አንገቱን አስግጎ «በጎን የሚሰብረው ሰው የለም እንዴ እትዬ?» ቢላት «በጎንህ አንተን ይስበርህ! እዚህ ቤት ሌባ ሶፍትዌር አይገባም» ብላ አባረረችው።

ረቡዕ ከሰዓት ሽማግሌው መጡ። ኮት ለብሰዋል፣ ጢማቸውን ተላጭተዋል። በእጃቸው የላፕቶፑን ቦርሳ ይዘዋል፤ ሰኞ ዕለት ቤት ትተውት የመጡት፣ የሚስታቸውን ቡናማ ቦርሳ። «ሚስቱን ከሆስፒታል የሚያስወጣ ባል መሰሉ» ብሏል ፀጉር አስተካካዩ፣ እዚህ ላይ እንኳ አላጋነነም።

እትዬ አልኮል መቼም ብልሃተኛ ናት፣ ሌሊቱን ስታብሰለስል አድራ አንድ መላ መትታለች። ፎቶውን እንደ መስታወት ገልብጣዋለች፤ እጅየው ወደ ግራ ሄደ፣ ጽሑፉ ባዶ ግድግዳ ላይ ቀረ። ላፕቶፑን ከፈተችላቸው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን መንገድ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ይህች እሷ አይደለችም።»

«እንዴ አባባ! እሷ ናት እንጂ!»

«ጉንጯ ላይ ያለችው ነጥብ በወዲህ በኩል ናት። ሠላሳ ስድስት ዓመት በዚህ ጎን ነው የሳምኳት።»

እትዬ አልኮል ፊቷ በርበሬ መሰለ። ፎቶውን ወደ ትክክለኛው ጎን መለሰችው። ግራጫው ጽሑፍ ሄዶ እጇ ላይ ቁጭ አለ።

«ይሄስ ምንድን ነው የሚላት?» አሉ ሽማግሌው።

«እሱ... ቁልፍ ነው የሚጠይቀው አባባ። ቁልፉ ሆዱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ፋብሪካው ታዲያ ቀለሙን...» አለችና ቆመች። ቆርቆሮዋን አየች። የሞላውን። «ፋብሪካው አይደለም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ነኝ። ሳጸዳው በአልኮል ፋቅኩት። ደብተር ላይ ሳልመዘግበው። ተሳሳትኩ አባባ።»

ከደረጃው በላይ የሦስተኛው ፎቅ ጠበቃ ኮቴ ባለበት ቆመ፤ ሰምቶ ይሆናል።

ሽማግሌው በርጩማዋ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አልተቆጡም።

«እኔ አንድ ቀን» አሉ፣ «በሰባተኛው መስመር የምትነሳዋን አውቶቡስ በአራተኛው ብዬ ጠራሁ። ገና አዲስ ሠራተኛ ነኝ። አርባ ሦስት ሰው ባሕር ዳር እዋኛለሁ ብሎ ተሳፍሮ ተራራ ላይ ወረደ። ብርድ!»

«ወይ ጉድ! ምን አደረጉዎት?»

«አርባ ሁለቱ ከሩቅ ሰደቡኝ። አንዷ ግን በማግሥቱ ማይኩ ያለበት ክፍል ድረስ መጣች፣ ፎጣዋንና የዋና ልብሷን እንደያዘች። ‹ድምፅህን አምኜ ነው የተሳፈርኩት› አለችኝ። ምን ልበላት? ተሳሳትኩ አልኳት። ‹እስካሁን ያናገርኳቸው ሁሉ ሾፌሩ ነው፣ ተራ አስከባሪው ነው ሲሉኝ ነው የዋሉት› ብላ ወንበር ሳበችና ቁጭ አለች።» ስክሪኑን አዩት። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ቁጭ አለች።»

እትዬ አልኮል ጠርሙሷን ከዚህ አንስታ እዚያ አስቀመጠች።

«ይሁን ልጄ። ፊቷ ይታያል አይደል? ፊቷ ይበቃኛል። እጇን እኔ አውቀዋለሁ» አሉና ተነሱ።

ይበቃኛል ያሉበት ድምፅ ነበር የማይቻለው። አውቶቡስ ተሰርዟል የሚሉበት ድምፅ ነው። እትዬ አልኮል ላፕቶፑን ዘጋችው፤ ቦርሳውን ተቀብላ ዚፑን ከፈተች፤ ማሽኑን ከመክተቷ በፊትም በልማዷ፣ አቧራ ካለ ብላ ገበሩን ወደ ውጭ ገለበጠችው።

የገበሩ ወለል ላይ፣ ጥጉ ጋ፣ በቀይ ክር የተጠለፉ ጥቃቅን ፊደላት አሉ። አምስት መስመር። እያንዳንዱ መስመር አምስት አምስት።

«አባባ!» ብላ ጮኸች፣ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጥሎ መጣ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱማ የእሷ ጥልፍ ነው። የትምህርት ቤት ንብረት ያዥ ነበረች። የልጆች ሹራብ እየጠፋ ሲያማርራት ያገኘችውን ሁሉ መጥለፍ ጀመረች። የእኔን ካልሲ እንኳ ‹ግራ› ‹ቀኝ› ብላ ጠልፋዋለች። ያለ መነጽር ሳየው ጌጥ ይመስለኝ ነበር።»

«ቁልፉ ነው!» አለች እትዬ አልኮል። «ወረቀት ይለቃል ብላ በክር ጻፈችው! እኔን ቀድማ አውቃኛለች እኮ!»

ላፕቶፑን መልሳ ከፈተች። ሽማግሌው ገበሩን ወደ ብርሃን አድርገው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አወረዱና አነበቡላት፤ እሷ መታች። ሦስተኛው መስመር ላይ ክሩ ተንጫፍሮ ስለነበር «ቢ ናት ስምንት?» አለች።

«ስምንት። የእሷ ስምንት ወገቧ ቀጭን ነው። ቢዋ ደግሞ እንደ ራሷ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው።»

ስምንት ነበር። ማሽኑ ግን ትንሽ አሰበና ሌላ ጣጣ አመጣ፦ ቁልፉ ትክክል ነው፣ ማሽኑ ግን ያ የማውቀው ማሽን አይደለም አለ። እውነቱን ነው፣ ማዘርቦርዱ ተቀይሯል። በዚህ ቁጥር ስልክ ደውሉ ብሎ ዘጠኝ ረድፍ ቁጥር ዘረገፈ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ስድስት፣ በድምሩ ሃምሳ አራት።

ደወለች። ያነሳችው ሰው ሳትሆን የተቀዳች የማሽን ሴት ናት፤ ጨዋ፣ ቀዝቃዛ፣ ትዕግሥቷ አያልቅ። ቁጥሩን ያንብቡ አለች። እትዬ አልኮል አነበበች፤ እሷ ስታነብ ደግሞ ባቄላ ከጆንያ እንደሚፈስ ነው።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም። እባክዎ ከመጀመሪያው ይድገሙ።»

ደገመች። አልሰማችም። ሦስተኛ ጊዜ ጮኸችባት። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቀች። አራተኛው ላይ ፀጉር አስተካካዩ «እኔ ላንብብላት?» ብሎ ስልኩን ተቀበለ፤ ማሽኗ ሴት ያለ ይቅርታ ዘጋችበት።

«እስቲ ወዲህ በሉት» አሉ ሽማግሌው።

ኮታቸውን ቆለፉ። ጣሪያው ሲከለክላቸው ስልኩን በስፒከር አድርገው ወደ በሩ ጠጋ አሉና፣ እትዬ አልኮል ስክሪኑን ወደ እሳቸው ስታዞርላቸው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመንገዱ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ጆሮው ቆመ።

«የመጀመሪያው ረድፍ። አራት። ዜሮ። ሰባት። ሰባት። ሁለት። ዘጠኝ።»

አቤት ድምፅ! እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ አውቶቡስ ያለው፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ በሩን ዘግቶ የሚሄድ ይመስላል። ማዶ ካፌው ውስጥ ማንኪያ ቆመ። አንዲት ሴት ሳታስበው ዘንቢሏን ጨብጣ መሮጥ ጀመረች፣ መንገዱ መሃል ደርሳ ነው ጉዞ እንደሌለባት ትዝ ያላት። ሽማግሌው አልቸኮሉም። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ የመጨረሻዋን ዜሮ ሲጠሩ ማሽኗ ሴት፣ እንዲያው ለወሬው ስንል አይደለም፣ በጣም ለስለስ ብላ «አመሰግናለሁ» አለች።

ከዚያ እሷ በተራዋ ቁጥር መስጠት ጀመረች። እሷ ትላለች፣ ሽማግሌው ይደግማሉ፣ እትዬ አልኮል ትመታለች። ስምንት ረድፍ። የመጨረሻዋን መታችና ጣቷን አነሳች።

ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረ፣ ተመልሶም መጣ። ጥጉ ባዶ ነው። እጅየው ወንበሩ ክንድ ላይ አለ፤ ደም ሥሩ፣ ጠባብ ቀለበቱ፣ ከመርፌ የተረፈው የአውራ ጣቱ ጠባሳ፣ ሁሉም።

ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ሰደዱና ሳይነኩት ቆሙ፤ የታጠበ ነገር ማሳደፍ መስሏቸው ይሆናል። ከዚያ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን እንደ ማንኛውም ሰው ዝቅ አድርገው «ገባች» አሉ።

እትዬ አልኮል «ይንኩት አባባ» አለች። «ይንኩት፣ እኔ አጸዳዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ፀጉር አስተካካዩ አየሁ የሚለውን ያየው፦ ጨርቋን አንስታ ፊቷን ስትጠርግ፣ ከዚያ ዓይኗ ደም መስሎ፣ እንባዋ በአገጯ ሲወርድ፣ ማሽኑ ደግሞ ከሥሯ ብርት ብሎ። ሽማግሌው ላፕቶፑን ቀይ ጥልፉ ባለበት ቦርሳ ከተው፣ ግንባሯን ስመው ሄዱ። የቀረውን ካፌው ጨረሰው።

አሁን ታዲያ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ሱቋ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ተይዟል። አንዱ ውሃ ውስጥ የወደቀ ላፕቶፕ ይዟል፣ አንዷ የማይሞቅ ካውያ፣ የካፌው አስተናጋጅ ደግሞ ወንበር ላይ ወጥታ የነቀለችውን የግድግዳ ሰዓት ታቅፋለች። «እትዬ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ!» ይላል ከኋላ አንድ ድምፅ። «ወረፋ ይከበር! ለሁላችንም አይበቃትም!» ይላል ሌላው። ፀጉር አስተካካዩ በኩራት መሃል ቆሞ ለአዲስ መጪው ከመጀመሪያው ያወራል።

እትዬ አልኮል ከጣሪያዋ ሥር ጎንበስ ብላ ወጣች። ጨርቋ ትከሻዋ ላይ ነው።

«ስሙ!» አለች። «አላለቀስኩም። ጨርቁ ላይ የነበረው አልኮል ነው ዓይኔን ያቃጠለኝ። ማሽኑም እፎይ አላለም፤ ፋኑ ነው። እግዜር ይስጥልኝም አላለኝም፤ ቢልም አይገባኝም፣ ምክንያቱም እኔ ያስነሳሁት ነገር የለም። ቁልፉን ሚስትየው ናቸው የጠለፉት፣ ቁጥሩን አባባ ናቸው የጠሩት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የእኔ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ቁልፉን በዚህ ጨርቅ ፍቄ ድራሹን ማጥፋት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በሉ፣ ሻይ የያዛችሁ ጨርሳችሁ ግቡ።»